ሰባት ቡድን፣ ሰባት ዓመት፣ ሰባት አሸናፊ

የአንባቢያን ጥያቄ፤ የስፖርት ዓምድ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። ሊግ ሳይጀመር ስለሚደረግ ትንበያ። ነሐሴ ሲጋመስ ሁላችንም ነቢይ ነን። የፒያሳ ካፌዎች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ወደ ስታዲየም ወርዷል። እዚያ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ሻምፒዮን ይሾማል። ከመጡት ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ታገሱኝ።

ጋሼ፣ የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የኮሌጅ ፉትቦል ትንበያ ያስጀምረናል። የእነሱን፣ በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። ዘንድሮ ደግሞ «ድሮ ኮስታል የሚባል ምድብ ነበር፤ ሰባቱም ቡድኖች ተራ በተራ አንደኛ ወጥተዋል፤ እሱን የሚተነብይ ሰው አልተወለደም» ብሎ ፎከረብን። እውነቱን ነው ወይስ ጉራ ነው? እኩል የሆኑ ቡድኖችስ እንዴት ነው የሚተነበዩት? — ከአምባሳደር አካባቢ

ጉራ አይደለም ወንድሜ። እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረህ።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ 9 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ወደፊት መሄድ አለበት። ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚ ያልፋል። ኳሱን ይዞ መጨረሻው ክልል የገባ 6 ነጥብ ያገኛል። በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ያሳለፈ ደግሞ 3። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ተሰባስበው ነው የሚጫወቱት። ከእነዚህ አንዱ በ1953 የተመሠረተው የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ነው። (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ እንደባለቃለን።) ይህ ኮንፈረንስ በ2005 ለሁለት ምድብ ተከፈለ፤ አትላንቲክና ኮስታል። የሁለቱ ምድብ አንደኞች በእኛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ለዋንጫ ይገናኙ ነበር።

አሁን የኮስታልን ዝርዝር ተመልከት። 2013 ዱክ። 2014 ጆርጂያ ቴክ። 2015 ሰሜን ካሮላይና። 2016 ቨርጂኒያ ቴክ። 2017 ማያሚ። 2018 ፒትስበርግ። 2019 ቨርጂኒያ። አለቀ። ምድቡ ውስጥ ሌላ ቡድን የለም። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ወጡ፤ የደገመ የለም።

ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝና ይህቺን ሳላሰላ አላልፍም። ሰባቱ ቡድኖች በትክክል እኩል ናቸው እንበል። በየዓመቱ አንዱን በዕጣ እናውጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰባቱም አንድ አንድ ጊዜ የሚወጡበት ዕድል ከ163 አንድ ገደማ ነው። በዕጣ እንኳ ቢሆን አንዱ መደጋገሙ አይቀርም ነበር። ነገሩ ዕድል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ያሸነፈውን በሚቀጥለው ዓመት እግሩን የሚጎትት ነገር ያለ ይመስለኛል።

የሚጎትተውም ምረቃ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ልጅ የሚጫወተው አራት የውድድር ዘመን ነው። ቡድን የሚበስለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ ነው። አንደኛ ይወጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። አሰልጣኙ በሚቀጥለው ነሐሴ ጺም ያላበቀሉ ልጆች ይዞ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ጆርጂያ ቴክን እንይ። በ2014 ይህ ቡድን 11 ጨዋታ አሸንፏል። አሰልጣኙ ፖል ጆንሰን ኳስ መወርወር ብዙም የማይወድ ሰው ነበር፤ ይዞ መሮጥ ነው የእሱ ነገር። የሚገጥመው ሁሉ ግራ ይጋባ ነበር። በ2015 ክረምት ጋዜጠኞች ተሰብስበው ሲጠየቁ «የኮስታል አንደኛ ጆርጂያ ቴክ ነው» አሉ። 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። የምድቡ ጭራ ሆነ። ከኮንፈረንሱ ቡድኖች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ማንን መሰለህ? ያን ጊዜ ሽንፈት ያልቀመሰውን ፍሎሪዳ ስቴትን። የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ተጋጣሚ ለማሸነፍ የመታውን ኳስ ገጭተው መለሱ፣ አንስተው ሜዳውን አቋርጠው ሮጡ፣ ገቡ። በኮንፈረንሱ ሰባት ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ያሸነፈው ያንን ነው። ይህንን በነሐሴ የጻፈ ሰው ካለ ጠንቋይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአምናውን ሰንጠረዥ ከፊትህ አንሳ። በእኩል ምድብ ውስጥ የአምናው አንደኛና የአምናው አምስተኛ የሚለያዩት በሁለት በሦስት ጨዋታ ነው።

ቀጥለህ መርሃ ግብሩን አንብብ። በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ግን አያነበውም። እያንዳንዱ የኮስታል ቡድን በኮንፈረንሱ 8 ጨዋታ ነበረው። 6ቱ ከራሱ ምድብ ጋር ናቸው። የቀሩት 2 ከወዲያኛው ምድብ ጋር ነበሩ፤ አንዱ በተራ የሚመጣ፣ አንዱ በየዓመቱ የማይቀየር። የማይቀየረው ለማያሚ ፍሎሪዳ ስቴት ነበር። ለጆርጂያ ቴክ ክሌምሰን። ለዱክ ግን ዌክ ፎረስት፣ ለቨርጂኒያ ቴክ ቦስተን ኮሌጅ። ጎበዝ፣ ይህ እኩል ነው? እነዚያ ዓመታት የክሌምሰንና የፍሎሪዳ ስቴት ዘመን ነበሩ። ሰባቱም የኮስታል አሸናፊዎች ለዋንጫ ሲቀርቡ ከሁለቱ በአንዱ ተመትተዋል። በ2014 ጆርጂያ ቴክ 37 ለ 35 ለጥቂት አመለጠው። በ2019 ቨርጂኒያ 62 ለ 17 ተደበደበ። ሰባት እኩል ቡድኖች ውስጥ አንዱ በየዓመቱ ክሌምሰንን ሲገጥም ሌላው ካልገጠመ፣ አንዷ ሽንፈት ከወዲሁ ተጽፋለታለች ማለት ነው። አንዷ ሽንፈት ደግሞ እንዲህ ባለ ምድብ ውስጥ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ትወረውራለች።

ሌላው ጠባብ ድል ነው። አምና አንድ ቡድን በ3 ነጥብ፣ በ7 ነጥብ ልዩነት ስንት ጨዋታ አሸነፈ? ብዙ ከሆነ ዘንድሮ ዝቅ አድርገህ አስቀምጠው። በጠባብ የተሸነፈ ከሆነ ከፍ አድርገው። እንዲህ ያለው ነገር ከዓመት ዓመት ተከትሎ አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ 12 መደበኛ ጨዋታ ብቻ ነው ያላቸው። የእኛ ሊግ ያን ያህሉን ሲጫወት ገና አጋማሹ ላይ አልደረሰም።

የአጎትህ ልጅ ያለበትን ቨርጂኒያን ሳልነግርህ አላልፍም። በ2016 2 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ነበር። ጎረቤቱን ቨርጂኒያ ቴክን 15 ዓመት በተከታታይ አላሸነፈም። በ2019 የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሁለቱ ተገናኙ፤ ያሸነፈ የምድቡ አንደኛ ነው። 30 ለ 30 ሆኑ። የቀረው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። የቨርጂኒያው መቺ ከ48 ያርድ ላይ ቆመ። 44 ሜትር ነው፤ በእኛ ሜዳ ከመሀል መስመሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው። መታ፣ ገባ። 33 ለ 30። ከዚያ የቨርጂኒያ ቴክ ኳስ ወርዋሪ ወደ ራሱ ክልል ተገፍቶ ኳሱ ከእጁ አመለጠው፤ የቨርጂኒያ ልጅ ላዩ ላይ ወደቀበት። 39 ለ 30። በዚያ ዓመት ጋዜጠኞቹ ቀድመው የመረጡት ቨርጂኒያን ነበር፤ ትንበያቸው ልክ ሆነ ተባለ። ያች ኳስ ቋሚውን ገጭታ ብትመለስ ኖሮ ግን ያው ትንበያ መሳቂያ ይሆን ነበር።

ለአጎትህ ልጅ አንድ መልስ ላቀብልህ። በ2021 ፒትስበርግ ደገመ፤ ዋንጫውንም ጨምሮ ወሰደ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ምድቦቹ ቀርተው ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ነው። በሌለ ምድብ እየፎከረብህ ነው በለው።

ጋሼ፣ የፈረንጁን ተውና የእኛን ንገረን። የ2018 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ የማን ነው? ቡናን አስበህ መልስ። — ቡናማው፣ ከካዛንቺስ

አስቤ ነው የምመልስልህ። የእኔን ክለብ ግን አልናገርም፤ የሁለቱም ወገን ደጋፊ ማኪያቶ ይጋብዘኛል፣ ለምን አበላሻለሁ? ድሮ ስታዲየም ስገባ «ከማን አንሼ» በሚባለው የመቀመጫ ክፍል ነበር የምቀመጠው፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ትንበያ ቀላል ነበር። ጊዮርጊስ ብለህ ጽፈህ ትተኛለህ፤ አራት ዓመት በተከታታይ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልከት። 2010 ጅማ አባ ጅፋር። 2011 መቐለ 70 እንደርታ። 2012 በኮሮና ተሰረዘ። 2013 ፋሲል ከነማ። 2014 እና 2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ። 2016 ንግድ ባንክ። 2017 ኢትዮጵያ መድን። የተጠናቀቁት የውድድር ዘመናት ሰባት ናቸው፤ አሸናፊዎቹ ስድስት። ከኮስታል የምናንሰው በአንድ ብቻ ነው! ይህን ለአሜሪካዊው ዘመድ የሚልክ ካለ ይላክለት።

ሁለቱ ደግሞ ይብሳሉ። ጅማም ንግድ ባንክም ዋንጫውን ያነሱት ከከፍተኛ ሊግ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው እርከን፣ ባደጉበት ዓመት ነው። ጅማ በ2010 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2014 ወረደ። እንዲህ ያለ ሊግ ውስጥ «አዲስ ገብ ነው፣ አይሆንም» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ተበልቷል።

ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ የሚመረቅ ተማሪ የለም። ግን የአንድና የሁለት ዓመት ኮንትራት አለ። ክረምት ሲመጣ ግማሹ ቡድን ሻንጣውን ይዞ ሌላ ክለብ ይገባል። አምና ያጨበጨብክለት አማካይ ዘንድሮ ተቃራኒ ማልያ ለብሶ ይመጣብሃል። ሌላው ሜዳ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ። ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ይሰፍራሉ፤ በዚያው ሜዳ ይጫወታሉ። ድሮ ጎንደር ወይም መቐለ ሄዶ ነጥብ ይዞ መመለስ መከራ ነበር። ያ ፍርሃት ሲጠፋ ልዩነቱም ጠበበ። ለትንበያ እንግዲህ የቀረልን ማን ነው? አሰልጣኙ።

ከላይ ከጻፍኳቸው ዋንጫዎች ሦስቱን፣ የጅማን፣ የመቐለንና የመድንን፣ ያነሳው አንድ ሰው ነው። ገብረመድህን ኃይሌ። ሦስት ክለብ፣ የተለያዩ ተጫዋቾች፣ ያው አሰልጣኝ። ሰው ስለ አጥቂ ሲጨቃጨቅ እኔ ይህን ነው የማየው።

የእኔ ወረቀት እንዲህ ይላል። መድን አሰልጣኙን ይዞ ከቀጠለ ከሦስተኛ በታች አይወርድም። አንደኛ ግን አልጽፈውም። ከጊዮርጊስ በቀር በእነዚህ ዓመታት ዋንጫውን ያስጠበቀ የለም፤ ሻምፒዮኑ ደግሞ ሌላው ሲያርፍ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ይደክማል። አንደኛ ጊዮርጊስ። ቡናን ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። በ2003 ከወሰዳችሁት ዋንጫ ወዲህ ስንት ሻምፒዮን እንዳለፈ አውቃለሁ፣ ስሜታችሁም ይገባኛል። በስሜት የምጽፍ ቢሆን ግን ይህ ዓምድ አይሰጠኝም ነበር።

ቢሯችን ለገሃር አካባቢ ነው። ስምንት ሰዎች ሆነን ሊግ ሳይጀመር ሰንጠረዡን በሙሉ እንገምታለን፤ ተሸናፊው ቁርስ ይጋብዛል። አምና ሻምፒዮኑን ብቻ ያወቀ ሰው የቀረውን ሁሉ ስቶ አሸናፊ ተባለ። ይህ ፍትሕ ነው? — የሂሳብ ሠራተኛዋ

አይደለም እህቴ። በሂሳብ ሠራተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መደረጉ ራሱ ይገርማል።

ይህን አድርጉ። እያንዳንዱ ሰው ሁሉንም ቡድኖች ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተል ይጻፍ። ሊጉ ሲያልቅ በገመታችሁትና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ትደምራላችሁ። ሦስተኛ ያልሽው አምስተኛ ከወጣ 2 ቅጣት። ሰባተኛ ያልሽው አንደኛ ከወጣ 6። ልኩን ካገኘሽ ዜሮ። ትንሽ ቅጣት ያለው ያሸንፋል። ሻምፒዮኑን ያወቀ ሰው ከዚያች መስመር ዜሮ ያገኛል እንጂ ሌላውን አይጠቀልልም።

ሰባት ቡድን ባለበት ምድብ፣ ሰንጠረዡን በትክክል ገልብጦ የጻፈ ሰው 24 ይቀጣል፤ ከዚያ በላይ የለም። ስሞቹን ኮፍያ ውስጥ ከትቶ በዕጣ ያወጣ ሰው በአማካይ 16 ይቀጣል። እንግዲህ 16 ያገኘ ሰው ከኮፍያው እኩል ነው ያወቀው። እንደ አምናው ሊግ 19 ክለብ ከሆነ የኮፍያው አማካይ 120፣ የመጨረሻው ጣሪያ 180 ነው። የአምና ወረቀቶቻችሁ ካልተጣሉ አውጥታችሁ በዚህ አስሉትና ቁርሱ ማን ላይ እንደነበር ተያዩ።

ደንብ አስቀምጡ። ወረቀቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር ይፈረምበት፣ በስልክ ፎቶ ይነሳና ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። «እኔ እኮ መድን ብዬ ነበር» የሚል ሰው በየቢሮው አይጠፋም።

ጋሼ፣ እኩል ምድብ ላይ ቤቲንግ ያዋጣል? ዋጋው ትልቅ ነው። — ተማሪ፣ አራት ኪሎ

አያዋጣም። ሰባት እኩል ቡድኖች ካሉ ትክክለኛው ዋጋ 7 ነው፤ በ100 ብር 700። ቤቱ ለምሳሌ 5.50 ጽፎ ከሰጠህ ከምትቆርጠው ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 21 ብር እዚያው ይቀራል። ትልቅ የመሰለህ ዋጋ በትክክል የተቀነሰልህ ዋጋ ነው። በ21 ብሩ ማኪያቶ ባይሞላልህ ሻይ ጠጣበት።

የልጅ ልጄ እዚያው ቨርጂኒያ ቴክ ነው የሚማረው። አይጫወትም፤ በሙዚቃ ጓዱ ውስጥ ጡሩምባ ይነፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት ላየው እሞክራለሁ፤ ሰዓቱ ግን ይምታታብኛል። — አንዲት እናት፣ ስድስት ኪሎ

እናቴ፣ ሦስት የጨዋታ መጀመሪያ ሰዓቶችን ይያዙ። እነሱ እኩለ ቀን ላይ ሲጀምሩ ለእርስዎ ምሽት 1 ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ 3:30 የሚሉት ለእርስዎ ከምሽቱ 4:30። ማታ 7:30 የሚሉት ከሌሊቱ 8:30 ነው፤ እሱን ተኝተው ጠዋት ይዩት። በፈረንጆቹ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ከዚያ ወዲህ በሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ይጨምሩ።

ጓዱ በዋናነት የሚወጣው በዕረፍት ሰዓት ነው። ዕረፍቱ 20 ደቂቃ ነው፤ የሚደርሰውም ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ። ችግሩ ቴሌቪዥኖቹ በዚያን ጊዜ ሜዳውን ትተው ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮ የተቀመጡትን ሰዎች ነው የሚያሳዩት። ልጁን ይጠይቁት፤ ተመልካቹ መሀል ቁጭ ያለ ጓደኛው በስልኩ ቀርጾ ይላክልዎ። የትኛው ረድፍ ላይ እንደሚቆምም አስቀድሞ ይንገርዎ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት፣ አለዚያ አይለዩትም።